ከገንዳው ሥር ያለው ገንዳ

ባለፈው ክረምት ስልኬ ላይ አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ሲሠራ ተመለከትኩ። ኮራል፣ ቢጫ ዓሣ፣ ሰማያዊ መብራት። እኔን ያስገረመኝ ግን በቁም ሳጥን የተሸሸገው የታችኛው ገንዳ ነበር። «ሳምፕ» ይሉታል። ከላይኛው የሚተርፈው ውኃ በቱቦ ይወርድና እዚያ ይጣራል፤ ከዚያ ፓምፕ መልሶ ይገፋዋል። እንግዳ የሚያደንቀው ላይኛውን ነው። ሥራው ያለው ታች ነው።

ጎንደር ላይ ኮራል ማርባት እብደት መሆኑን ሒሳብ ስሠራ ገባኝ። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ለ200 ሊትር 7 ኪሎ ማለት ነው። የወጥ ጨው ደግሞ አይሆንም፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም የለውማ። ስለዚህ ባሕሩን ትቼ ሳምፑን ወሰድኩ። ከጎርጎራ በባልዲ ላመጣኋቸው አምስት የቆሮሶ ጫጩቶች አሮጌ የመስኮት መስታወት አስቆርጬ፣ በሲሊኮን አጣብቄ፣ ውስጡን በሦስት ክፍል ከፈልኩት። አንዱ ውስጥ ስፖንጅ፣ መሐለኛው ውስጥ የታጠበ ቀይ ድንጋይ፣ የመጨረሻው ውስጥ ፓምፕ።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። (የጎንደር ሰው ቀጥሎ የሆነውን ገምቷል።) ፓምፑ ሲቆም ውኃው በመመለሻው ቱቦ ወደ ኋላ ተስቦ ሳምፑን ሞላና ወለሉ ላይ ፈሰሰ። መጽሐፎቼ ራሱ። እናቴ ከነጀሪካኗ በሩ ላይ ቆማ «ሰው ለሚጠጣው ተሰልፎ ያድራል፣ አንተ ለዓሣ ታፈሳለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ቱቦውን ግን አበጀሁት፦ ከውኃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ አንዲት ቀዳዳ መብሳት ብቻ ነው። ውኃው እስከ ቀዳዳዋ ሲወርድ አየር ይገባና ስበቱ ይቋረጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ቀዩ ድንጋይ ላይ ባክቴሪያ እስኪሰፍር ሳምንታት ይፈጃል። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ ግን የትም አይሄድም። ወይ ውኃ ትቀይራለህ፣ ወይ የሚበላው ተክል ታበቅላለህ። የኮራል ሰዎች ሳምፓቸው ውስጥ አልጌ ያሳድጉና እያጨዱ ያወጡታል። ያጨዱትን ገንዳው ውስጥ መልሶ የሚጥል ሞኝ የለም፤ ሲበሰብስ የበላውን ሁሉ ይተፋዋልና።

ይህን ስረዳ ትዝ ያለኝ ጣና ነው።

ቀሃና አንገረብ ከተማችንን አቋርጠው መገጭን ይቀላቀላሉ፤ መገጭም ጣና ይገባል። የሳሙናችን እጣቢ፣ የሽንት ቤታችን ፍሳሽ፣ የደምቢያ ማሳ ማዳበሪያ፣ ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበው አፈር፣ ሁሉም መንገዱ አንድ ነው። ሳምፓችን ጣና ነው። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ መጀመሪያ የታየው በመገጭ መግቢያ አካባቢ መሆኑ ለኔ ድንገት አይመስለኝም። ምግቡ በተዘረጋለት ቦታ በላ።

በጥቅምት 2013 በነበረው የአንድ ወር ዘመቻ እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ወርጄ ነበር። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ካህኑ፣ ወጣቱ እስከ ወገቡ ውኃ ገብቶ ሲነቅል አይቻለሁ፤ ያንን ድካም የሚያቃልል ሰው አልወድም። ነገር ግን የተነቀለው አረም ብዙው እዚያው ዳሩ ላይ ተከመረ። እኔም የተነቀለውን ሄክታር ስቆጥር ዋልኩ እንጂ ክምሩ የት እንደሚሄድ የጠየቅኩት ሰው አልነበረም። ከላይ የሚወርደውን ፍሳሽማ ጨርሶ አላነሳሁትም። ያኔ የጻፍኩትን ዘገባ ዛሬ ሳነበው ያሳፍረኛል።

ጣና ውስጥ ደግሞ እንደኔ ቆሮሶ ብቻ አይደለም ያለው። ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን 15 ያህል ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ በዓለም ላይ የሉም። ከነሱ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ይወጣሉ፤ መረብም ደፈርስም የሚጠብቃቸው እዚያው ነው።

የኔው ገንዳ ደህና ነው። በሳምንት ሁለት ጀሪካን ውኃ እቀይራለሁ፤ የወጣውን ጓሮ ላለው የእናቴ ቃሪያ አጠጣዋለሁ። ናይትሬት ለቃሪያ ማዳበሪያ ነው። ትናንት ጠዋት በሩን አንኳኩታ፣ ዓሦቹን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ፣ «ያ ቆሻሻ ውኃ ዛሬ አይወጣም እንዴ?» አለችኝ።