ከነቀምት እስከ ጉሊሶ፦ የእግር ነገር

በ2005 ዓ.ም. ጥር ወር ከባለቤቴ ጋር ወደ ወለጋ የሄድነው ለሽምግልና ነበር። ጊምቢ የሚኖረው የባለቤቴ የእህት ልጅ በጉሊሶ ያለች አንዲት እህት ሊያገባ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ እናቱ “የልጅቷ እናት እግሯን ዝሆኔ ይዟታል፤ በዘር ይመጣብናል” ብላ አሻፈረኝ አለች። ልጁም ደውሎ ለመነን። ታዲያ ስለ ሰው እግር ልናማልድ ወጥተን የራሴ እግር ጉድ አፈላ።

ከአውቶቡስ ተራ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ትኬት የቆረጥነው ዘግይተን ስለነበር የደረሰን ጎማው ላይ ያለው ወንበር ነው። በዚያ ወንበር የተጓዘ ያውቀዋል፤ እግር ከፍ ይላል፣ ጉልበት ወደ አገጭ ይጠጋል። አምቦንና ጉደርን አልፈን ወደ ጌዶ ስንወጣ ጣቶቼን ጠዘጠዘኝ፤ ከዚያም ደነዘዙ። ባኮ ለምሳ ስወርድ ጥጥ የምረግጥ መሰለኝ።

ይህ ለብዙ መንገደኛ አዲስ አይደለም። የወንበሩ ጠርዝ ጭንን ከሥር ሲጫን ነርቭና ደም ሥር ይታፈናሉ። ለሰዓታት ያልተንቀሳቀሰ እግር ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረው ጫማ ከሰዓት በኋላ ይጠባል። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ማሰሪያ ማላላት፣ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዶ መራመድ። እንዲህ ያለው መደንዘዝ በጥቂት ደቂቃ ይለቃል።

የእኔ አልለቀቀም።

ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ የነበረው፣ በኋላም በ1899 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የደከመው ኦነሲሞስ ነሲብ ወንጌልን ያስተማረባት፣ በ1931 እ.ኤ.አ. ያረፈባት ከተማ ናት። እግሬን ለማፍታታት ብዬ አንድ ሰዓት ያህል ዳገት ቁልቁለቷን ዞርኩ። ማታ በማረፊያችን ባለቤቴ ካልሲዬ ላይ ደም አየች። ጫማዬን ብታራግፍ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ወደቀች። ውስጥ እግሬ ተልጦ ነበር፤ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም።

“መቼ ጀመረህ?” አለችኝ። አውቶቡሱን ላመካኝ ብዬ ነበር። እውነቱን ግን አወጣሁት፦ ሌሊት ሌሊት እግሬን ሲያቃጥለኝ፣ ብርድ ልብሱ እንኳ ሲከብደኝ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። በአንድ አልጋ እያደርን አልነገርኳትም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ቁጣዋ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ተመረመርኩ። በጾም የሚለካ ስኳር 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደጋገመ የስኳር በሽታ ነው፤ የእኔ 240 ሆነ፤ አዲስ አበባ ተመልሼም ስመረመር አልተለወጠም። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ከፍ ያለ ስኳር ዓመታት ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል፤ የሚጀምረውም ከሩቁ፣ ከእግር ጣት ነው። መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ሲብስ ሕመሙም ይጠፋል። ሰውዬው “ተሻለኝ” ሲል ቁስሉ ሳይታወቅ ይሰፋል፤ እግር እስከ መቆረጥ የሚደርሰውም በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ በየማታው እግር በዓይን መታየት አለበት። የራስን ውስጥ እግር ማየት ያስቸግራልና፣ “ባለቤትዎ ይዩልዎ” አለኝ።

አንዳንድ ወገኖች በዚህ ጊዜ እግሩን የታመመውን ንጉሥ አሳን ይጠቅሳሉ፤ ባለ መድኃኒት ፈለገ ተብሎ ተወቅሷል ይላሉ። እኔ እንደማነበው የአሳ ጥፋት ጌታን መተዉ ነው እንጂ ሐኪም ማየቱ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ቄስ ከመሆናቸው በፊት በዚሁ በነቀምት ሆስፒታል ድሬሰር ሆነው አገልግለዋል።

ወደ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወርዱ ሙቀቱ ይቀበላል፤ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ወደ ደጋው ይወጣል። (ከዚያ ወዲህ ይህ መንገድ በጸጥታ ችግር ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፤ ያኔ ግን በሰላም አለፍን።) ከጊምቢ በኋላ ቡናው ይበዛል፣ አፈሩም ቀይ ነው። ነገሩም ያለው በአፈሩ ላይ ነው።

ሽምግልናው ላይ ጊምቢ ያለች አንዲት ነርስ፣ የጸሎት ቤት እህት፣ ይዘን ገባን። ይህን ዝሆኔ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ለዓመታት አጥንቶታል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ገብቶ ውስጡን ያስቆጣል፤ በመጀመሪያ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ በኋላ ያብጣል። በጉሊሶ ወረዳ የተካሄደና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ100 ሰው ወደ 3 የሚጠጋ ታማሚ አግኝቷል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

“በዘር አይመጣም በሉኝ እንጂ!” አለች የልጁ እናት። ነርሷ አላባበለቻትም። “ለአፈሩ ቶሎ የሚጠቃ ቆዳ በዘር ሊወርድ ይችላል፤ በሽታው ግን ያለ አፈሩ አይመጣም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ፣ እግሩን በየቀኑ የታጠበ ልጅ አይያዝም።”

“እሷስ ለምን ጫማ አላደረገችም?”

“በልጅነቷ ማን ገዛላት?”

የልጁ እናት አቀርቅራ ቆየች። እሷም ያደገችው በባዶ እግሯ ነው፤ ይህን ማንም አላነሣባትም። በመጨረሻ “እንግዲህ ሄጄ ልያት” አለች።

ጉሊሶ ስንደርስ የልጅቷ እናት ከማድ ቤት አልወጣችም። በሠርግና በለቅሶ ከጓዳ መቀመጥ ለምዳለች አሉን። ባለቤቴና እህቷ ገቡ። ቆይተን ስንጠራ እናትየዋ ሳፋ ፊት ተቀምጣ ከጤና ጣቢያ የተማረችውን ታደርጋለች፦ ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ እግሯን ትዘፈዝፋለች፣ በሳሙና ታጥባለች፣ በጣቶቿ መካከል እያደራረቀች ቫዝሊን ትቀባለች፣ ከዚያ ካልሲና ሽፍን ጫማ። እብጠቱ ከቀድሞው እንደቀነሰ ልጅቷ ነገረችን። ፎጣውን የያዘችው የልጁ እናት ነበረች።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። “አንተም አውልቅ። መዘፍዘፍ ግን የለም፤ ሐኪሙ ከልክሏል። ውኃውን መጀመሪያ በክንዴ ልለካው።” አጥባ አደረቀችኝ፤ ከዚያም የሞባይሏን ባትሪ አብርታ በጣቶቼ መካከል አንድ በአንድ ታይ ጀመር።