የትኛው «ቴዎድሮስ»?

ዛሬ ከቀትር በኋላ የእኅቴ ልጅ የአማርኛ ፈተናውን ወረቀት ይዞልኝ መጣ። «ቴዎድሮስ የተሰኘውን ተውኔት የደረሰው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ብሎ የጻፈው መልስ በቀይ ብዕር ተሰርዞ፣ ከጎኑ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም ሰፍሮበታል። ነጥቧስ ትቅር፤ ከመዝገብ የተፋቁት ደራሲ ግን እጅግ አሳዘኑኝ። ልጁም መምህሩም እውነት ይዘዋልና ስሕተቱ የጥያቄው ነው።

ደጃዝማች ግርማቸው፣ ማለት የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የደረሱት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ልጅ፣ «ቴዎድሮስ» የተሰኘውን ታሪካዊ ድራማቸውን በ1942 ዓ.ም. ለኅትመት ሲያበቁ ጸጋዬ ገና ብላቴና ነበር። እርሱም በ1950ዎቹ አጋማሽ የራሱን «ቴዎድሮስ» አስቀድሞ በእንግሊዝኛ ደርሶ ለመድረክ አቀረበ፤ ኋላም በአማርኛ ተመለሰበት። አቤ ጉበኛና ብርሃኑ ዘሪሁን በዚያው ንጉሥ ላይ ሲጽፉ «አንድ ለናቱ» እና «የቴዎድሮስ ዕንባ» የሚል ርዕስ ስለ መረጡ ከዚህ ጣጣ ድነዋል። ከጥንት ግሪካውያን ሶፎክልስም ዩሪፒደስም እያንዳንዳቸው «ኤሌክትራ» የተሰኘ ተውኔት ትተውልን ሁለቱም እስከ ዛሬ ሲነበቡ፣ ያንዱን ለሌላው የሚሰጥ መምህር አላጋጠመኝም። ተመልካቹ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ የሚሆነውን አስቀድሞ እያወቀ ወደ አዳራሹ የሚገባ ከሆነ፣ የባለቅኔው ጥበብ የሚታየው ንጉሡን ወደዚያች ሰዓት በሚያደርስበት መንገድ ነውና፣ መንገዱን የጠረገውን ሰው ስም መተው ሥራውን ራሱን መተው ነው።

ይህን ስጽፍ የክፍላችን ቴዎድሮሶች ትዝ አሉኝ። አለቃችን «ቴዎድሮስ!» ብሎ በተጣራ ቁጥር ግማሹ ክፍል ብድግ ይል ነበር፤ ከሁሉም አጭሩና ከሁሉም ፈሪው «መይሳው» ሲሉት ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ እኛም ደስታውን አይተን አብዝተን እንጠራው ነበር። ታዲያ አንድ ዓመት፣ ሌሊቱን በኩራዝ ሲያነብ የሚያድረው ቴዎድሮስ ያመጣው ውጤት፣ የአባቱ ስም በዝርዝሩ ላይ ስላልተጻፈ ብቻ ለሌላው ቴዎድሮስ ተሰጠ። እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ትምህርት ቤቱ ቢመላለሱ፣ «መዝገቡ ተዘግቷል» ከማለት በቀር መልስ የሰጣቸው አልነበረም፤ ልጁም ሽልማቱን በሌላ እጅ አየው። አሁን ሁላችንም ጎልማሶች ሆነን ሳለ፣ ያንን ቀን ባሰብሁ ጊዜ ቁጣዬ እንደ አዲስ ይነሣል።

አበው ግን ለዚህ ነገር ሥርዓት ሠርተውለት ነበር። ወንጌል አንድ ሲሆን፣ ወንጌል ዘማቴዎስ፣ ዘማርቆስ፣ ዘሉቃስ፣ ዘዮሐንስ ተብሎ ይነበባል፤ አኰቴተ ቍርባኑም ዘባስልዮስ፣ ዘኤጲፋንዮስ፣ ዘዮሐንስ አፈ ወርቅ እየተባለ ከነባለቤቱ ይጠራል። የዳግማዊ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፉትን ደብተራ ዘነብንና አለቃ ወልደ ማርያምንም ሊቃውንቱ የሚጠቅሷቸው በየስማቸው ለይተው ነው። ዛሬ ግን የቴያትር ማስታወቂያው የተዋንያኑን ፎቶግራፍ በገጽ ሙሉ አትሞ የደራሲውን ስም ይዘነጋል፤ የራዲዮ አቅራቢውም ርዕሱን ብቻ ጠርቶ ወደ ዘፈን ይሻገራል።

ስለዚህ ፈተና የምታወጡ መምህራን፣ ማስታወቂያ የምታትሙ የጥበብ ሰዎችም፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ የደራሲውን ስም ከርዕሱ እኩል ጻፉ። የደጃዝማች ግርማቸው «ቴዎድሮስ» የቀድሞ እትም በእጃችሁ የሚገኝ ወዳጆቼ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ የእኔን ቅጂ የተዋሰኝ ሰው እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።