ድፍኑ በረዶ

በረዶ ቀለጠ ቢባል ማን ይገረማል? እኛም አንገረምም ነበር፤ የእማዬ መድኃኒት ውስጡ ባይኖር ኖሮ።

እማዬ የስኳር ሕመምተኛ ናት። የምትኖረው ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ መብራት መጣ ሲባል እልል በሚባልበት አገር ነው። እኛ እህትና ወንድም ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ኢንሱሊኗን ከአዲስ አበባ ገዝተን እንወስድላታለን። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ከጋለ ኃይሉ ይደክማል፤ በረዶ ከሠራም ያው መጣል ነው። እንግዲህ መንገዱን አስቡት፦ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ያስደርባል፤ ጣርማበር ታልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ሹራብ ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሰው ሁሉ ባገኘው ነገር ፊቱን ያራግባል።

በመጀመሪያው ጉዞ ከአንዲት ዘመዳችን ማቀዝቀዣ ትልቅ ድፍን በረዶ አወጣን። ከያዝነው ዕቃ አልገባ ቢለን በዘነዘና ቀጥቅጠን፣ ጥርግ አድርገን ፌስታል ሞላንና በኩራት ተሳፈርን። ደብረ ሲና ላይ ፌስታሉ ይንጠባጠብ ጀመር። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ የያዝነው ለብ ያለ ውሃ ነበር። አጠገባችን የተቀመጡ እናት «ልጆቼ፣ ጠላ ነው እንዴ የያዛችሁት?» ቢሉ አውቶቡሱ በሳቅ አለቀ። እኛ ግን አልሳቅንም።

እማዬ ብልቃጡን ብርሃን ላይ አንስታ አየችው። ኃይሉ መድከሙ በዓይን አይታወቅ ነገር! ጤና ጣቢያ ብንወስደው «እንዲህ ከዋለማ አትመኑት» ተባልን። የሰው ልጆች አስጠንተን ባገኘነው ገንዘብ የገዛነው ነበር። እማዬ ግን መጣሉ አልሆነላትም። «የእናንተ ላብ ነው» ብላ ከሣጥኗ ሥር አስቀመጠችው።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ከቁጥር ሸሽተን የመጣን። ቁጥር ግን ተከትሎን መጣ። ጉዳችንን የሰማ አንድ የፊዚክስ ተማሪ «ማን ቀጥቅጡት አላችሁ!» ብሎ ጮኸብንና እስክሪብቶ አወጣ። ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የበረዶ ኩብ ለውጭ የተጋለጠ ገጹ 600 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ያንኑ በረዶ ጎናቸው 1 ሳንቲ ሜትር በሆነ 1000 ኩቦች ብንከፋፍለው ገጹ 6000 ይሆናል። በረዶው ያው፣ በሩ ግን ዐሥር እጥፍ! ሙቀት የሚገባው በገጽ በኩል ነዋ። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዳለው ቂጣ ብንጠፈጥፈው ከ2100 ያልፋል፤ እንደ ኳስ ብናድቦለቡለው ግን ወደ 484 ይወርዳል። ከቅርጽ ሁሉ ትንሹን ገጽ የያዘው ኳስ ነው። «ልብ በሉ» አለን፣ «አንዱን ግራም ለማቅለጥ የሚፈጀው ሙቀት ምንጊዜም 80 ካሎሪ ያህል ነው። ቅርጹ የሚለውጠው ፍጥነቱን ነው።»

አላመንነውም። ሁለት እኩል ብርጭቆ ውሃ ወስደን አንዱን በኩባያ ድፍኑን፣ ሌላውን በትንንሹ አረጋንና በሁለት ሳህን ላይ አስቀመጥን። ትንንሾቹ ውሃ ሲሆኑ ድፍኑ ገና ቡጢ ያህል ነበር። ያን ጊዜ የልጅነታችን በረዶ ትዝ አለን። ሣሩ ላይ የተበተነው ወዲያው ሲጠፋ፣ ጎርፍ ጠርጎ አጥሩ ሥር የቆለለው ሌሊቱን አድሮ ጠዋት እንጫወትበት ነበር። ለካስ አይተነው ኖሯል፤ አላስተዋልነውም እንጂ።

በቀጥቃጭ ላይ ግን አንፍረድ። ጭማቂ ቤቱ በረዶ የሚሰባብረው አላዋቂ ሆኖ አይደለም። ቶሎ የሚቀልጥ ቶሎ ያቀዘቅዛል፤ እሱ የሚፈልገው የአሁኑን ጥም መቁረጥ ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ እስከ ማታ የሚዘልቅ ነው። ስህተታችን ለማን፣ እስከ መቼ ብለን አለመጠየቃችን ነበር።

በሁለተኛው ጉዞ ውሃውን ሆዱ ክብ በሆነ ጀሪካን አረጋነው። መድኃኒቱ በረዶውን እንዳይነካ በፎጣ ጠቀለልን፤ ሁሉንም በጋቢ አፈንነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ላባችን ሲወርድ ጀሪካኑ አልላበም። ቤት ገብተን ስንፈታው ብርቱካን የሚያህል በረዶ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። እማዬ ጀሪካኑን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችውና ድምፁን አዳመጠች።

«ይኼን ሁሉ አገር እንዴት ቻለው?» አለች።

«ሳንቀጠቅጠው ነዋ» አልናት።