ደብተሩ ማን ጋ ነው?

የሄድኩት አፕ ልሠራላቸው ነበር።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን የሄድኩት የአክስቴ ልጅ ስለታሰረ ነው፤ አፑ መንገድ ላይ ነው የመጣልኝ። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለመጨነቅም ለማቀድም ይበቃል። ጎሬን አልፈን ወደ ባሮ ሜዳ ቁልቁል ስንወርድ፣ የደጋው ብርድ ቀርቶ ያ የማውቀው ሙቀት በመስኮት ሲገባ፣ ዳታቤዙን በጭንቅላቴ ጨርሼው ነበር፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የተያዘበት ቀን፣ የተያዘበት ቦታ፣ ያለበት ጣቢያ። አምስት ዓምድ። አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃኛል አልኩ ለራሴ።

ሰኔ 2014 ነበር። ሰኔ 7 ማለዳ የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት፣ መንግሥት ሸኔ የሚለው፣ ከጋምቤላ ነፃነት ግንባር ታጣቂዎች ጋር ሆኖ ከተማዋ ውስጥ ገባ። ተኩሱ ለሰዓታት ቆየ። ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ ደግሞ የቤት ለቤት አሰሳው ተጀመረ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን መስከረም 2015 ባወጣው የምርመራ ሪፖርት፣ በክልሉ የጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 50 ሰዎች መገደላቸውን አረጋግጧል፤ «ሸኔን ደብቃችኋል»፣ «መረጃ ሰጥታችኋል» በሚል ጥርጣሬ። የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ነጂ ነው። አያቱ ወለጋ ነው ያሉት፤ ከእሳቸው ጋር በስልክ በኦሮምኛ ሲያወራ ነው የያዙት። እኔ ስደርስ ስምንተኛ ቀኑ ነበር። ፍርድ ቤት አልቀረበም። የት እንዳለም በትክክል የሚነግረን አልነበረም።

በማግስቱ እናቴ ስንቅ ቋጥራ ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ ጣቢያ ይዛኝ ሄደች። በሩ ላይ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ደገኛም አለ፣ አኙዋክም አለ። (በጋምቤላ አነጋገር ከደጋ የመጣ ሁሉ ደገኛ ነው፤ አንዳንዴ «ሐበሻ» ይሉናል።) መሀላቸው ጎረቤታችን እማማ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም። አኙዋክ ናቸው፣ ከእኛ ቤት ሦስት አጥር አልፎ ነው ቤታቸው። የእህታቸው ልጅ «የግንባሩ ሰው ነህ» ተብሎ ታስሯል። ጉልበታቸው ላይ ባለ 50 ሉክ ደብተር ተከፍቷል፤ ትምህርት ቤት የምንጽፍበት ዓይነት።

አየሁት። የእኔ አምስት ዓምዶች አሉበት። ሁለት ደግሞ ተጨምረዋል። አንዱ «ያየ ሰው» ይላል። ሌላው «ሳህን»።

«ሳህን ምንድነው እማማ?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ምግብ ታስገባለህ። ሳህኑ ተበልቶበት ከተመለሰ ልጁ እዚህ አለ። ምግቡ እንዳለ ከተመለሰ ወስደውታል ማለት ነው። ሳህኑ ከነጭራሹ ካልተመለሰ ደግሞ…» አሉና ደብተሩን ገለጥ አደረጉት።

ያኔ የአራት ዓመት የሥራ ልምድ ነበረኝ። ስለ ተጠቃሚ ፍላጎት ስብሰባ ላይ ብዙ ተናግሬያለሁ። ስለ ሳህን ግን አስቤ አላውቅም። ጣቢያው «የለም» ሲል ሳህኑ «አለ» ይላል። ኦፊሴላዊው መረጃ ሲዋሽ እነዚህ ሴቶች መረጃ የሚያገኙበት ሌላ መንገድ አበጅተው ነበር፣ ያውም ከሹሮ ሳህን። የኛን ሳህን አስገባን። ከሰዓት ተበልቶበት ተመለሰ። እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እማማ ዓምዱ ላይ ምልክት አደረጉ።

ማታ ቤታቸው ሄድኩ። «ይሄን ሁሉ ስልክ ላይ ማድረግ ይቻላል። እኔ እሠራዋለሁ፣ በነፃ» አልኩ።

«ስልኩን ሲወስዱትስ?»

«የይለፍ ቃል አለው።»

«የይለፍ ቃሉን ለሚደበድብህ ሰው አትሰጥም?»

ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ «ደብተሩን ለመውሰድ ሲመጡስ?» አልኳቸው።

በአገጫቸው ወደ ምድጃው አመለከቱ። «ይነዳል። እሁድ እሁድ ቡና ስንጠጣ ስሞቹን እናነባቸዋለን። እያንዳንዷ የራሷን ገጽ በቃሏ ይዛለች። ቢቃጠል እንደገና እንጽፈዋለን።»

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኢንክሪፕሽን አሰብኩ፣ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር አሰብኩ፣ ሲነካ ራሱን የሚያጠፋ ፋይል አሰብኩ። ሁሉም መጨረሻው አንድ ነው፦ የሃያ ቤተሰብ ስም፣ ስልክና የምስክር ስም አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ቁልፉ አንድ ሰው ጋ። ለቤተሰብ የሚጠቅመው ዝርዝር ለመርማሪም ይጠቅማል። ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። ከጋምቤላ የሆኑት ፓስተር ኦሞት አግዋ የዓለም ባንክ የቁጥጥር ፓነል ስለ መንደር ማሰባሰብ አቤቱታ ሊያጣራ ሲመጣ አስተርጓሚ ነበሩ። መጋቢት 2007 ስለ ምግብ ዋስትና ናይሮቢ ወደሚካሄድ ስብሰባ ሊሄዱ ሲሉ ቦሌ ላይ ተያዙ፤ ማዕከላዊ ታሰሩ፣ በፀረ ሽብር ሕጉም ተከሰሱ። የሰዎችን ቃል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ማሻገር ብቻውን እንደዚያ ካስከፈለ፣ ስማቸውን በአንድ ስልክ ማከማቸት ምን እንደሚያስከፍል ለመገመት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች አገሮች ምን እንዳደረጉ አነበብኩ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሰፈር ማኅበራትና የእስረኛ ቤተሰቦች ለዓመታት ታግለው፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ካውንቲው የ1.7 ቢሊዮን ዶላር የእስር ቤት ግንባታ ውል እንዲሰርዝ አድርገዋል። ክርክራቸው ገባኝ፦ አዲስ አልጋ ከሠራህ የሚተኛበት ሰው ትፈልጋለህ። ቀናሁባቸውም። እኛ አገር ግን እስር ቤት ለማስፋት ውል መፈረም አያስፈልግም። በ2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ሲታሰር አዋሽ አርባን የመሰለ ወታደራዊ ካምፕ እስር ቤት ሆነ። ማዕከላዊ በ2010 ሲዘጋ ደስ ብሎን ነበር፤ የተዘጋው ግን ግቢው ነው። ካምፕ፣ መጋዘን፣ ትምህርት ቤት በአንድ ሌሊት እስር ቤት በሚሆንበት አገር የምትቃወመው የሕንፃ ፕላን የለህም። መቃወም የምትችለው አንድን እስር፣ ከዚያ ሌላውን ነው፤ በስም፣ በቀን፣ በሰዓት።

ሰዓት ስል፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ ለጉዞ አግባብ ያለው ጊዜ ሳይቆጠር። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰብ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። እማማ ይሄን ሳነብላቸው «ታዲያ ቀን ብቻ ለምን እንጽፋለን?» አሉ። እኔ ያበረከትኩት በመጨረሻ ይሄንኑ ነው፦ አንድ ዓምድ፣ «ሰዓት» የሚል፤ እና ሁለቱን አንቀጾች በቀላል አማርኛ የጻፍኩበት አንድ ገጽ። አማርኛው የክልሉ የሥራ ቋንቋ ቢሆንም ለሁሉም እናት አይደርስም፤ ከሴቶቹ ሁለቱ ወደ አኙዋክኛና ወደ ኑዌርኛ መለሱት። ፎቶ ኮፒ ቤት አላስነሳነውም። በእጅ ገለበጥነው።

ሰባት ሆነው ወረቀቱን ይዘው ጣቢያ ገቡ። አንዱ ፖሊስ ቀደደው። ሌላው፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ደብተሩን አይቶ «ሰዓቱን ከየት አመጣችሁት?» ብሎ ጠየቀ። «ቆመን አይተን» አሉት። በማግስቱ አራት ልጆች ፍርድ ቤት ቀረቡ። የአክስቴ ልጅ ከአራቱ መሀል አልነበረም። እሱን በ19ኛው ቀን «ውጣ» ብለው ለቀቁት፤ ወረቀት የለ፣ ክስ የለ፣ ይቅርታ የለ። እስካሁን በስልክ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የአያቱን ቋንቋ መንገድ ላይ አይናገርም።

እስከዚህ ያለውን ለጓደኞቼ ነግሬያለሁ። ያልነገርኩት ቀጥሎ ያለውን ነው።

የእማማ ደብተር በ2014 አልተጀመረም። ከሥሩ ሌላ አለ፣ ጠርዙ ምስጥ የበላው። የመጀመሪያው ገጽ ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ይላል። በዚያን ቀን፣ ከከተማው ውጭ በመንግሥት መኪና ሲጓዙ የነበሩ ስምንት ሰዎች ተገደሉ፤ አስከሬናቸው ከተማ ገባ፤ ገዳዮቹ ማን እንደሆኑ ሳይጣራ አኙዋክ በሙሉ ተፈረደበት። ወታደሮችና ከእኛ ከደገኞቹ መሀል የወጡ ሰዎች ጎጆ እያቃጠሉ ወንዶቹን ከየቤቱ አወጡ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ1997 ባወጣው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር እስከ 424 ያደርሰዋል። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ያመነው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከኦሚኒንጋ ብዙ አይርቅም። እናቴ አልጋ ሥር አስገብታኝ ስለነበር የማስታውሰው የጭስ ሽታና የአባቴን እግሮች ነው፤ መስኮቱ አጠገብ ቆመው። የእኛ በር አልተንኳኳም።

የእማማ ታናሽ ወንድም በዚያ ቀን ጠፋ። በአሮጌው ደብተር ስሙ አለ፣ ዕድሜው አለ። «ያየ ሰው» የሚለው ባዶ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። በ1977 ሰፈራ ከወሎ በልጅነቱ የመጣ፣ ግማሽ ከተማውን ፊደል ያስቆጠረ ሰው ነው። የአክስቴ ልጅ ተፈትቶ ቤት በገባበት እሁድ እማማን «ቡና ጠጡ» ብለን ጠራናቸው። አዲሱን ደብተር ይዘው መጡ፣ የተፈታበትን ቀን ሊጽፉ። ሁለተኛው ላይ አባቴ ሲኒውን አስቀመጠና «አሮጌውንም አምጪው» አላቸው።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። እማማ ምንም ሳይሉ ሄደው አመጡት።

«አይቼዋለሁ» አለ አባቴ። «በመስኮት። መኪና ላይ ሲጭኑት አይቼዋለሁ። ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበሰው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ጀበናው ብቻ ነበር የሚሰማው። ይጮኹበታል ብዬ ጠበቅኩ፤ 18 ዓመት ሙሉ ሦስት አጥር ርቀት ላይ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ» ተባብለዋል። እማማ ግን እስክሪብቶ ፈልገው ደብተሩን ገለጡ።

«በየት በኩል ወሰዱት መምህር?»

«ወደ ድልድዩ።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስምንት ሰዓት ይሆናል። ከምሳ በኋላ።»

ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን ወደ እሱ አዞሩትና «ያየ ሰው» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። አባቴ ስሙን ከነአባቱ፣ በዚያ ሰሌዳ ላይ በማውቀው የእጅ ጽሑፉ ጻፈ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን 28 ዓመቴ ነው። በ2015 እና በ2016 በአኙዋክና በኑዌር መካከል ደም ሲፈስ፣ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ አንዳንዶቹ ሴቶች «የእነሱን ስም እኛ ለምን እንጽፋለን?» ብለው እንደነበር እማማ በስልክ ነግረውኛል። ቡናው ለሁለት ሳምንት ተቋረጠ። በሦስተኛው ከኒው ላንድ አንዲት የኑዌር እናት የራሷን ሳህን ይዛ መጥታ ዛፉ ሥር ተቀመጠች። ጻፉላት።

አፑ ሳይጨርስ ላፕቶፔ ውስጥ አለ። አንዳንዴ እከፍተዋለሁ። ስድስተኛው ዓምድ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። «ያየ ሰው» የሚለውን ሳጥን መሥራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አባቴን ግን 18 ዓመት ፈጅቶበታል።