ስምንተኛው ሺህ

ልጅ አባቱን በሰደበ ጊዜ፥ ዝናብም ከወራቱ በዘገየ ጊዜ፥ በጎጃም አገር ሰዎች «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ይላሉ። የዓለም ፍጻሜ ቀረበ ማለታቸው ነው። ይህ ቃል ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው እንጂ የዛሬ ሰዎች ያወጡት አይደለም።

በ1999 ዓ.ም. ክረምት፥ አዲሱ ዓመት ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፥ በመራዊ አጠገብ የሚኖር አንድ ገበሬ መጥረቢያ ይዞ ከቤቱ ወጣ። በእርሻው ዳር አያቱ የተከሉአት ትልቅ ዋንዛ ነበረች። በጥላዋ ከብት ያርፍባታል፥ እረኞችም ፍሬዋን ይለቅማሉ። ገበሬው ግን ቈርጦ ሳንቃዋን ሊሸጥ፥ በስፍራዋም ባሕር ዛፍ ሊተክል አሰበ። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ ቶሎ ስለሚያድግ ለሚቸኵል ሰው ይስማማል።

መጥረቢያውን ባነሣ ጊዜ የደብሩ መሪጌታ በዚያ ሲያልፉ አዩት።

«ልጄ፥ ይህችን ዋንዛ ስለ ምን ትቈርጣታለህ?» አሉት።

«የኔታ፥ ስምንተኛው ሺህ ገባ ይባላል። ዓለም የሚያልፍ ከሆነ ለማን ብዬ አቈያታለሁ?» አለ።

የኔታ አልተቈጡም። የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩና ከዛፊቱ ሥር ተቀምጠው በበትራቸው ጫፍ መሬት ላይ ቍጥር ጻፉ።

«በአባቶቻችን ቍጥር ከአዳም እስከ ጌታችን ልደት 5500 ዓመት ነው። በዚህ ላይ 1500 ብትጨምርበት ስንት ይሆናል?»

«7000 ይሆናል።»

«እንግዲያስ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም. ነው። ከገባ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። አፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ አታሳየኝ ብለው እግዚአብሔርን ለመኑ ይባላል፤ በ1500 ዓ.ም. ዐረፉ። ነገር ግን ያን የሚፈሩት ንጉሥ መካነ ሥላሴ የተባለ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀምረው ነበረ። እርሳቸው ሳይፈጽሙት ሞቱ፤ ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙት። አያትህም ይህችን ዋንዛ የተከሉአት በስምንተኛው ሺህ ውስጥ ነው።»

ገበሬው ጥቂት ዝም ብሎ «የመጨረሻው ቀን ግን አይቀርም፥ የኔታ» አለ።

«አይቀርም። ቀኒቱን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ እንደ ሆነ ወንጌል ያስተምራል። አዳም በገነት በተቀመጠ ጊዜ ገነቲቱን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ ታዘዘ፤ ቀን እንዲቈጥር አልታዘዘም። በዮሐንስ ራእይም ምድርን የሚያጠፉ ሰዎች ፍርድ እንደሚያገኛቸው ተጽፎአል። ጌታው ከመንገድ በተመለሰ ጊዜ ሎሌውን የሚጠይቀው ስለ አደራው ነው» አሉና በበትራቸው ማዶ ያለውን አጸድ አመለከቱት።

በጎጃምና በጎንደር ከሩቅ ሲያዩ በታረሰው ሜዳ መካከል እንደ ደሴት ሆኖ የሚታይ ጥቍር ደን ካለ፥ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን መኖሩ ይታወቃል። በዙሪያው ያለው ዛፍ ተቈርጦ አልቆአል፤ አጸዱ ግን ስለ ታቦቱ ክብር ተጠብቆ ቈየ። በዚያው ዘመን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የደን ሊቅ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን አጸድ መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጠሩ። ደግሞም የሚያሳዝን ነገር አገኙ። የብዙዎቹ የደን ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዘመን አይቈይም፤ ስለዚህ ደኑ አንድ ጊዜ ከጠፋ መሬቱን ቢተዉት እንኳ ብቻውን በቶሎ አይመለስም። በአጸዱ ውስጥ የሚበቅለውንም ችግኝ ከብት ይበላዋል፥ ይረግጠዋልም። ከዚህ በኋላ እርሳቸውና ማርጋሬት ሎውማን የተባሉ አሜሪካዊት የዛፍ ሊቅ ከካህናቱና ከገበሬዎቹ ጋር ተማከሩ። በአንዳንድ ስፍራም ገበሬዎቹ ማረሻቸውን ሲያስቸግር የኖረውን ድንጋይ ከእርሻቸው ለቅመው በአጸዱ ዙሪያ አጥር አድርገው ካቡት። እርሻውም ጠራ፥ ደኑም ታጠረ።

ዛፍ የሌለው ተዳፋት የክረምትን ጐርፍ ሊይዘው አይችልም። ዛሬ በመራዊ አጠገብ በቆጋ ወንዝ ላይ ወደ 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት ለማጠጣት የተሠራ ግድብ አለ። ከተራቈተው ተዳፋት ታጥቦ የሚወርደው አፈር ከእንዲህ ያለ ግድብ ገብቶ ይተኛል፤ አፈሩ በበዛ ቍጥር የውሃው ስፍራ ይጠብባል። አፈሩ የወረደበት ገበሬና ውሃው የጐደለበት ገበሬ ምናልባት አይተዋወቁም።

ያ ገበሬ በዚያ ቀን መጥረቢያውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ገንዘብ ግን ያስፈልገው ነበረና በእርሻው ማዶ በድንጋያማው ስፍራ ባሕር ዛፍ ተከለ፤ በዚህም የነቀፈው የለም። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በየኔታ ቍጥር ዓመተ ዓለም 7500 ሆነ። በዚያ ሳምንት የገበሬው ታናሽ ልጅ ከዋንዛይቱ ሥር ሁለት ቅጠል ያወጣ ችግኝ አገኘች። ከብቶቹ ከመስክ ሳይመለሱ እሾህ አምጥታ ዙሪያውን አጠረችው።