ቪዲዮ የሌለው አጥቂ

ቡናው እስኪወርድ አንድ ጥያቄ ልወርውርላችሁ። ከድሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋቾች አንዱን ብቻ ምረጡ ብትባሉ ማንን ትሉ ነበር? አደራ፣ “ሁሉም ጀግኖች ናቸው” የሚል እንዳይኖር። እንዲያ የሚባለው ለሽምግልና ሲኬድ ነው።

እኔ በቀደም ይህችኑ ጥያቄ ቡና የምንጠጣበት በረንዳ ላይ ጣል አድርጌ ጉድ አፈላሁ። ሦስት ነበርን፤ ሰባን ያለፉት ጎረቤታችን ጋሼ፣ ገና ኮሌጅ የጨረሰው የእህቴ ልጅና መሀል ላይ እኔ። ሦስታችንም ጊዮርጊስ ነን። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ቡና ክለብ ደጋፊ ጋር እንደምንገጥመው ዓይነት ክርክር አይደለም። የቤተ ዘመድ ጠብ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደምታውቁት ይብሳል።

ልጁ ቀደመ። “አዳነ ግርማ!” አለና ማስረጃውን ከኪሱ መዘዘ፤ ስልኩን። ኔልስፕሩት፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው የመጀመሪያ ጨዋታቸውን የሚያደርጉት ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነው። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቷል፤ በ10 ሰው 1 ለ 0 እየተመራን ነው። ከዚያ አዳነ! ያቺን ቀን እኔም አልረሳትም። ሻይ እጄ ላይ መፍሰሱን ያወቅሁት ተቃቅፈን ስንላቀቅ ነው።

“እስቲ ትንሽ ወደኋላ መልሰው” አሉ ጋሼ።

መለሰው። ውጤቱ ገና 0 ለ 0 ነው፤ ሳላዲን ሰኢድ ፔናሊቲ ሊመታ ቆሟል። መታ፤ የዛምቢያው በረኛ አዳነበት። የእህቴ ልጅ አንገቱን እየነቀነቀ “እሷን ባይስት እኮ...” አለ።

እዚህ ላይ እኔ ተናደድኩ። ያው ሳላዲን እኮ ከዚያ በፊት ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ፣ ኦምዱርማን ሄደን 5 ለ 3 ከተሸነፍንበት ሱዳን ጋር በመልሱ ከአዳነ ጋር አንድ አንድ አግብተው በ2 ለ 0 ወደ ዋንጫው ያሻገረን ነው! ግን ምን ታደርጉታላችሁ፣ ስልክ ምሕረት የለውም። ያገባኸውንም የሳትከውንም እኩል ይዞ ይጠብቅሃል።

ጋሼ ስልክ አላወጡም። ስኒዎቹን ወደ ራሳቸው ሳቡ። “ያንተ አዳነ ያገባው ጥር 13 ነው አይደል? የኔም ጥር 13 ነው። 1954። የቃና ዘገሊላ ማግስት።” ከዚያ የአፍሪካ ዋንጫው ፍጻሜ ጀመረ። ግብፅ ሁለቴ መራች፤ መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉን። በጭማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛዋን አገባ። “አራተኛዋ ግን...” አሉና የስኳሯን ማንኪያ አነሱ። ማንኪያዋ መንግሥቱ ወርቁ ናት። ስኒዎቹ የግብፅ ተከላካዮች ናቸው። ማንኪያዋ አንደኛውን ስኒ አለፈች፣ ሁለተኛውን ሸወደች፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን... ስኳር መያዣው ውስጥ ገባች። 4 ለ 2!

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምና ሲያወሩን ስኒዎቹ ሦስት ነበሩ።

ሰውየው ውሸታም ሆነው አይደለም። መንግሥቱ ለማስዋብ የሚያስቸግር ተጫዋች አልነበረም። የክለብ ዘመኑን በጊዮርጊስ ማሊያ ያሳለፈ፣ በዚያ ውድድር በ3 ግብ ከግብፁ በደዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን የተጋራ፣ በአፍሪካ ዋንጫዎች ጠቅላላ 10 ያገባ ሰው ነው። ልጁ የሚኮራባት የ31 ዓመት ጥበቃ ስትጀምር እንኳ፣ በ1974 ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ የሄደው አሠልጣኝ እሱ ነበር። በ2003 ሲያርፍ የአዳነን ግብ ለማየት ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

“አንተስ?” አሉኝ። እኔ ሦስታችንም ያላየነውን መረጥኩ፤ ይድነቃቸው ተሰማን። 23 ዓመት በጊዮርጊስ ማሊያ፣ በክለቡ ታሪክ እንደሚነገረው 365 ጨዋታ፣ 318 ግብ። ያንን የ1954 ቡድን ያሠለጠነውም እሱ ነው፤ ኋላም እስከ ዕለተ ሞቱ የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መርቷል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአጼ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። የአባትየውን ዜማ ዛሬም መስማት ይቻላል። የልጅየውን 318 ግብ ግን ከሰው አፍ በቀር የሚያሳይህ የለም።

“ታዲያ ለዚህ ነዋ የምትወዱት!” አለ የእህቴ ልጅ። “ቪዲዮ የሌለው አጥቂ አይስትም።”

እውነቱን ነው፤ ግን ግማሹን ነው። ቪዲዮ የሌለው አጥቂ አይስትም፤ ነገር ግን ደግሞ የሚያወራለት ካጣ አንድም ግብ የለውም። አዳነን ስልኩ ያኖረዋል። መንግሥቱን የሚያኖረው ማንኪያዋን የሚያነሳ ሰው ነው።

ልጁ አልለቀቀም። “ጋሼ፣ እሺ አራተኛዋ ስትገባ የት ነበሩ?”

“አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ዛሬ ካታንጋ በምትሉት በኩል። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ።”

“በደንብ አይተዋታል?”

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። “ሰዉ ሁሉ ብድግ ሲል እኔ ምን አያለሁ? ጀርባ ነው ያየሁት። የካፖርት ጀርባ።”

“ታዲያ ይሄን ሁሉ ስኒ ማን አሳየዎት?”

“አባቴ ነዋ! ማታ ቤት ገብተን፣ ልክ እንዲህ አድርጎ።”

“በስንት ስኒ?”

“በሁለት” አሉና የቀሩትን ሁለቱን ለቡና አፍይዋ መለሱላት። በረካው ደርሶ ነበር።