አንቀጽ 281ን ያጠናንበት ዘመን

በ1987 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ፣ ሕግ ፋኩልቲ ገብተን የወንጀል ሕግ ስንማር በእጃችን የነበረው ሕግ የጃንሆይ ዘመን ሕግ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት፣ በ1949 ዓ.ም. ታውጆ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ በድል በዓሉ ዕለት ሥራ ላይ የዋለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ። ያወጁት ንጉሥ ከዙፋናቸው ወርደዋል፤ ያወረዳቸው ደርግም ወድቋል፤ ሕጉ ግን እንዳለ አለ።

መጽሐፉ ለሁላችን አይዳረስም ነበር። ቤተ መጻሕፍት ተሰልፈን ለጥቂት ሰዓት እንዋሳለን፤ አንቀጹን በደብተር ገልብጠን እንመልሳለን። ልባሱ በፕላስተር ተጠጋግኗል፤ ኅዳጉ ከእኛ በፊት ባለፉ ተማሪዎች እርሳስ ተሞልቷል። ከሁሉ የማይረሳኝ የገጾቹ እድፍ ነው። መጽሐፉን ዘግቶ በጎን ያየው ሰው የትኛው ክፍል ብዙ እንደተነበበ ያውቃል። ስለ ሰው ግድያ የሚደነግጉት 522፣ 523 እና 524 ያሉበት ጠቁሯል፤ ስርቆቱም እንደዚያው። 281 ያለበት ገጽ ግን ፈላጊ ስላልነበረው ነጭ ሆኖ ኖሯል። በእኛ ዓመት እሱም ጠቆረ።

281 ዘር ማጥፋትን የሚቀጣው አንቀጽ ነው። ዓለም አቀፉ ስምምነት በ1941 ዓ.ም. ሲወጣ ከማንም አገር ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። የእኛ ሕግ ደግሞ ስምምነቱ ያልጨመረውን ጨመረ፤ የፖለቲካ ቡድንንም ከተጠባቂዎቹ ጋር አስገባ። ይህን ያሰበ አርቃቂ፣ ያወጀውም መንግሥት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ቀረቡ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ተከሰሱ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ክሱን የመሠረተው በ281 ነው፤ 522ን በአማራጭ አስከተለ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተረሸኑት የጃንሆይ ሹማምንት፣ የንጉሡ የራሳቸው ግድያ፣ የቀይ ሽብር ሰለባዎች፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ችሎቱን ለመታደም በሄድኩበት ቀን ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ስም በተጠራ ቁጥር አንገታቸውን ቀና ያደርጉ ነበር። የልጃቸው ስም እንዳያመልጣቸው ነው።

መምህራችን ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ አመጡት። የሥነ ሥርዓት ሕጉን ስንማር፣ ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቅርብ፣ ጊዜ ቀጠሮም በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይለፍ የሚለውን አንብበው፣ «እነዚህ ሰዎች ከ1983 ጀምሮ ታስረዋል፤ አስሉ» አሉን። ክፍሉ ጸጥ አለ። እንደኔ እምነት ከዚያ የሚበልጥ የወንጀል ሕግ ትምህርት አልተሰጠንም። ወንድሙና አባቱ የተገደሉበት ተማሪ በየወንበሩ አለ፤ ጥያቄው የቀረበውም ለእሱ ነው።

ቀጥሎ በዕጣ ከፍለው ዐቃቤ ሕግና ተከላካይ አደረጉን። መከላከያው የደረሰው ጓደኛዬ የጎንደር ልጅ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ በቀይ ሽብር አልቋል። ይለወጥልኝ ብሎ አልጠየቀም። ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ በማግስቱ ተነሥቶ፣ ደርግ ራሱ በኋላ ያወጣቸው ሕጎች ለፖለቲካ ቡድን የተሰጠውን ጥበቃ ሽረውታል፣ ስለዚህ በ281 ሊቀጡ አይችሉም ብሎ ተከራከረ። ድምፁ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። እኔ በዐቃቤ ሕጉ ወገን ነበርኩ፤ በተሰጠኝ ሰዓት ሁሉ ያንን መከራከሪያ ለማፍረስ ብታገልም ሙሉ በሙሉ አላፈረስኩትም።

እውነተኛው ችሎት ግን በቀላሉ አላለቀም። ፍርድ ቤቱ በ1988 ዓ.ም. የተከሳሾቹን የመጀመሪያ መቃወሚያ ውድቅ አደረገ፤ ከዚያ ወዲያ ምስክር በምስክር፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነ። እኛ ተመርቀን አንዳንዳችን ዳኛ፣ አንዳንዳችን ዐቃቤ ሕግ ሆነን በየክልሉ ተበተንን። ይህን ያህል መጓተቱ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ፍርዱን ሳያዩ ያረፉ እናቶች ብዙ ናቸው። በዚህ መካከል በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግ አሮጌውን መጽሐፍ ከጠረጴዛችን አነሣው፤ 281ም 269 ሆነ። የፖለቲካ ቡድን የሚለው ግን አሁንም አለበት።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርዱ በድምፅ ብልጫ ተሰጠ። ከሦስቱ ዳኞች አንደኛው ተለይተው ሐሳባቸውን አሰፈሩ፤ ዋና ነጥባቸው ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ ያነሣው ነበር። ማታ ደወለልኝ። በፍርዱ ደስ ብሎታል፤ ለወንድሙ ሲል ዓመታት የጠበቀው ነው። ቢሆንም ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «የልዩነት ሐሳቡን አነበብከው?» አለኝ። አላነበብኩም ነበር። ስልኩን ሳይዘጋ ያነብልኝ ጀመር፤ እኔም የዐቃቤ ሕግነቴን ወንበር ይዤ መልስ መስጠት ጀመርኩ።